የጆርናል ጽሑፍ ማንበብን ለመልመድ የትኛው መንገድ ይሻላል? ስድስት አማራጮች ሲነጻጸሩ

የመጀመሪያዬን የጆርናል ጽሑፍ (በሳይንስ መጽሔት የታተመ ጥናት) ያነበብኩት ከርዕሱ እስከ ማጣቀሻው በተርታ፣ በቢጫ ማቅለሚያ እያሰመርኩ ነበር። ሁለት ጊዜ ደገምኩት። በማግስቱ ክፍል ውስጥ ሳቀርበው መምህራችን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፦ «መድኃኒቱን ያልወሰዱት ስንት ነበሩ?» መልሱ ሁለተኛው ሠንጠረዥ ላይ ነበር። ሠንጠረዦቹን እየዘለልኩ አንቀጾቹን ብቻ ስላነበብኩ መመለስ አልቻልኩም።

ከዚያ በኋላ ምክር ስጠይቅ ሁሉም የየራሱን ነገረኝ። አንዱ «በሦስት ዙር አንብብ» አለኝ፣ ሌላው «ከስዕሉ ጀምር»፣ ሌላው «መጀመሪያ ሪቪው አርቲክል (የብዙ ጥናቶችን ውጤት አሰባስቦ የሚያቀርብ ጽሑፍ) ፈልግ»። ዛሬ ደግሞ «ለኤአይ (ለሰው ሠራሽ አስተውሎት) ስጠውና ያሳጥርልህ» የሚለው በዝቷል። ምክሮቹ የሚጋጩት ለተለያየ ዓላማ ስለሚሰጡ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ መመዘኛ እናስቀምጥ፣ ከዚያ እያንዳንዱን መንገድ በዚያው እንየው።

በቅድሚያ፣ ጽሑፉ የሚከብደው ለምንድን ነው?

የጆርናል ጽሑፍ ለተማሪ ታስቦ አይጻፍም። ጸሐፊዎቹ የሚያነጋግሩት እዚያው ሙያ ውስጥ ያሉ አቻዎቻቸውን ነው፤ አቻ ያውቀዋል ብለው ያሰቡትን ሁሉ ሳያብራሩ ያልፉታል። አጭር መሆኑም ቀላል አያደርገውም። በ1953 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በኔቸር ጆርናል የወጣው፣ የዲኤንኤን ጥንድ ጥምዝ ቅርጽ ያስተዋወቀው ጽሑፍ ከአንድ ገጽ ብዙም አይዘልም፣ ያለው ስዕልም አንድ ነው። የኬሚስትሪ መሠረት ለሌለው ሰው ግን ያቺ ገጽ የሳምንት ሥራ ትሆናለች።

የሚያግዘን ነገር የጽሑፉ ቅርጽ የታወቀ መሆኑ ነው። መግቢያ፣ ዘዴ፣ ውጤት፣ ውይይት የሚለው አደረጃጀት በሕክምና ጆርናሎች ከ1940ዎቹ ጀምሮ እየተለመደ መጥቶ በ1980ዎቹ ሁሉም የሚከተሉት ሆኗል። መግቢያው ለምን እንደተጠና ይናገራል፣ ዘዴው እንዴት እንደተጠና፣ ውጤቱ ምን እንደተገኘ። ውይይቱ ግን ጸሐፊዎቹ ያገኙትን እንዴት እንደተረጎሙት ነው የሚነግረን፤ አስተያየት ነው። ውጤትንና ውይይትን አንድ አድርጎ የሚያነብ ተማሪ የሰዎችን አስተያየት እንደ ግኝት ይዞ ይሄዳል። አንድ ነገር ልጨምር፦ አንዳንድ ጆርናሎች ዘዴውን ወደ መጨረሻው ወይም ወደ ተጨማሪ ፋይል ይወስዱታል፤ መሐል ላይ ስላጣችሁት የለም ብላችሁ አትለፉ።

መመዘኛዎቹ

አምስት ነገር እመዝናለሁ። ምን ያህል ጊዜ ይወስዳል? ምን ያህል የቀደመ እውቀት ይፈልጋል? ሌላ ሰው ወይም መሣሪያ የግድ ይላል? ከወር በኋላ ጭንቅላት ውስጥ የሚቀር ነገር አለ? አምስተኛው ለእኔ ከሁሉም ይከብዳል፦ ጸሐፊዎቹ የደረሱበትን ሳይነግሩኝ በፊት መረጃውን አይቼ በራሴ እንድፈርድ ያደርገኛል ወይ?

ለምን ይህን እንዳስቀደምኩ አንድ ምሳሌ ያስረዳል። በ1998 ላንሴት በተባለው የሕክምና ጆርናል ላይ የኤምኤምአር (የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የሩቤላ) ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያያያዘ ጽሑፍ ወጣ። የተመለከታቸው ሕፃናት 12 ነበሩ፤ የሚነጻጸሩበት ቡድን አልነበረም። ይህ ከማንም አልተደበቀም፣ እዚያው ጽሑፉ ውስጥ ይታያል። ጆርናሉ ጽሑፉን የሰረዘው በ2010፣ ከ12 ዓመት በኋላ ነው። ወሬውን ብቻ የሰማ ወላጅ ደነገጠ። ቁጥሩን ያየ አንባቢ ግን ከ12 ልጆች ተነሥቶ እንዲህ ያለ ነገር መደምደም እንደማይቻል ከመጀመሪያው ቀን ሊያውቅ ይችል ነበር።

1. በተርታ ማንበብ

ማንም ሳያስተምረን የምንይዘው መንገድ ነው። ለልብ ወለድ ይሠራል፣ ለመማሪያ መጽሐፍም በከፊል። ለጆርናል ጽሑፍ ግን ጊዜ ይበላል፣ ጉልበታችንም የሚያልቀው መግቢያው ላይ ነው፤ ዋናው ነገር ያለበት ውጤት ላይ ስንደርስ ደክመናል። የሚመቸው መስኩን በደንብ ለምታውቁት ሰዎች ነው፣ እናንተ ደግሞ ይህን መመሪያ አትፈልጉትም። ለጀማሪ አልመክረውም።

2. በሦስት ዙር ማንበብ

በ2007 አንድ የኮምፒውተር ሳይንስ ምሁር በጽሑፍ ካስተዋወቀው ወዲህ በብዙ መስኮች ይሠራበታል። የመጀመሪያው ዙር ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ነው፦ ርዕስ፣ አብስትራክት (ከጽሑፉ ራስ ላይ ያለው አጭር ማጠቃለያ)፣ መግቢያ፣ ንዑስ ርዕሶች፣ መደምደሚያ። ሁለተኛው እስከ አንድ ሰዓት ይወስዳል፤ ስዕሎቹና ሐሳቡ በደንብ ይታያሉ፣ ዝርዝር ማረጋገጫዎች ግን ይታለፋሉ። በሦስተኛው አንባቢው ሥራውን ከባዶ ራሱ እንደሚሠራው አድርጎ ደረጃ በደረጃ ይከተላል፤ ይህ ለጀማሪ አራት አምስት ሰዓት ይፈጃል።

ትልቁ ጥቅሙ ለማቆም ፈቃድ መስጠቱ ነው። ከመጀመሪያው ዙር በኋላ «ይሄ ለእኔ አይሆንም» ብሎ መዝጋት ስንፍና መስሎ የሚሰማው ተማሪ ብዙ ነው፤ እንዲያውም ዋናው ችሎታ እሱ ነው። አርባ ጽሑፍ ከፊቱ ተደርድሮ የመመረቂያ ጥናቱን ለሚጀምር ሰው ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

ጉድለቱ መደምደሚያው ቀድሞ መነበቡ ነው። ጸሐፊዎቹ ምን እንዳሉ ካወቅን በኋላ ግራፉን ስናይ የምናየው እነሱ ያሉትን ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ዙር ለመምረጥ ተጠቀሙበት፣ ለመፍረድ ግን ወደሚቀጥለው መንገድ እለፉ።

3. ከስዕልና ከሠንጠረዥ መጀመር

ርዕሱንና አብስትራክቱን አይቶ በቀጥታ ወደ ስዕሎቹ መሄድ፣ ውይይቱን ደግሞ የራስን ድምዳሜ ሳይጽፉ አለመንካት። አካሄዱ ይኸው ነው። ከስድስቱ እኔን የለወጠኝ ይህ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ላሳይ።

በ1948 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የወጣው፣ ስትሬፕቶማይሲን የተባለውን መድኃኒት የፈተነው ጥናት ለልምምድ በጣም ይመቻል፤ ስሌቱ በእጅ ይሠራል። የሳንባ ነቀርሳ የያዛቸው 107 ሰዎች ነበሩ። 55ቱ መድኃኒቱን ከአልጋ ዕረፍት ጋር አገኙ፣ 52ቱ የአልጋ ዕረፍት ብቻ። ስድስት ወር ሲሞላ ከ55ቱ 4፣ ከ52ቱ ደግሞ 14 ሞተው ነበር።

እዚህ ላይ ማንበብ አቁሙና እርሳስ አንሡ። 4 ለ55 ሲካፈል 7 በመቶ ገደማ ይመጣል፣ 14 ለ52 ሲካፈል 27 በመቶ ገደማ። ልዩነቱ ከመቶ ሰው 20 ያህል ነው፤ በሌላ አነጋገር መድኃኒቱን ካገኙ አምስት ሰዎች አንዱ ያህል በዚያ ስድስት ወር ውስጥ ከሞት ተርፏል። ያንኑ ሠንጠረዥ ይዞ «የሞት አደጋውን ከ70 በመቶ በላይ ቀነሰ» ማለትም ይቻላል፣ 7 የ27 ሩብ ገደማ ነውና። ሁለቱም እውነት ናቸው። ጆሮ ላይ ሲያርፉ ግን አንድ አይደሉም፤ ጸሐፊ የመረጠውን አንዱን ብቻ ቢነግራችሁ ሌላውን ራሳችሁ ማውጣት አለባችሁ።

ቀጥላችሁ ጠይቁ። ማን የቱን እንዲያገኝ የወሰነው ማነው? ወደ ዘዴው ተመለሱ፦ ምደባው የተሠራው በዘፈቀደ ቁጥሮች ሲሆን በታሸጉ ፖስታዎች ውስጥ ተቀምጦ ነበር፤ ሐኪሙ የሚያሳዝነውን ታማሚ መርጦ ወደ መድኃኒቱ ሊያስገባ አይችልም። ራጁን የተረጎሙት ሰዎችስ? የማን እንደሆነ ሳያውቁ ነው ያዩት። በነሱ ንባብ ከ55ቱ 28፣ ከ52ቱ 4 ጉልህ መሻሻል አሳይተዋል፤ የራጁ ውጤት ከሞቱ ቁጥር ጋር ወደ አንድ አቅጣጫ ይሄዳል ማለት ነው። ታማሚዎቹ እነማን ነበሩ? ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 30 የሆነ፣ በሽታው በሁለቱም ሳንባዎቻቸው በፍጥነት የሚስፋፋ ወጣቶች። ለዓመታት የቆየ ነቀርሳ ስላለባቸው አረጋውያን ይህ ጥናት በቀጥታ የሚለው ነገር የለም።

አሁን የራሳችሁን ዓረፍተ ነገር ጻፉ፦ «በእነዚህ ወጣቶች፣ በስድስት ወር ውስጥ፣ መድኃኒቱ ሕይወት አትርፏል።» ከዚያ ጸሐፊዎቹ ያሉትን አንብቡ። መድኃኒቱን ከወሰዱት በብዙዎቹ ላይ ባክቴሪያው መድኃኒቱን መቋቋም እንደጀመረ ታገኛላችሁ። ያኔ «በስድስት ወር ውስጥ» የምትለዋ ሐረግ ክብደቷ ይገባችኋል፤ ራሳችሁ ጽፋችኋታልና አትረሷትም።

ይህ መንገድ ጊዜ ይጠይቃል፤ አንድ ጽሑፍ ሁለትና ሦስት ሰዓት ሊወስድ ይችላል። ግራፍ ማንበብ የማይችል ሰውም ይቸገራል። ከሁሉ በላይ የሚያደናቅፈው ፒ ቫልዩ ነው። «ከ0.05 በታች» የሚለውን ብዙ ተማሪ «ውጤቱ እውነት የመሆን ዕድሉ 95 በመቶ ነው» ብሎ ይተረጉመዋል፤ ስህተት ነው። ቁጥሩ የሚናገረው በእውነት ምንም ልዩነት ባይኖር ኖሮ ይህን ያህል የራቀ ወይም ከዚህም የባሰ ውጤት የማየት ዕድላችን ምን ያህል እንደሆነ ነው። የአሜሪካ ስታቲስቲክስ ማኅበር በ2016 ባወጣው መግለጫ ፒ ቫልዩ የልዩነቱን ትልቅነትም ሆነ ጠቃሚነቱን እንደማይለካ አስረግጦ ተናግሯል። ስለዚህ ዓይናችሁ መጀመሪያ ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ፣ ናሙናው ስንት እንደሆነ ይፈልግ።

4. ሪቪው አርቲክል ማስቀደም

መስኩ ጨርሶ አዲስ ከሆነባችሁ ይህን አስቀድሙ። ቃላቱን፣ የታወቁትን ክርክሮችና መነሻ የሚሆኑትን ጽሑፎች ባንድ ቦታ ታገኛላችሁ። ሁለት ዓይነት እንዳለው ግን እወቁ፦ ደራሲው የመረጣቸውን ጥናቶች የሚተርክበት አለ፣ የት እንደፈለገ፣ ምን እንዳስገባና ምን እንደተወ በግልጽ የሚያስረዳም አለ። ሁለተኛው የበለጠ ይታመናል። ሪቪው ላይ ያያችሁትን ቁጥር ግን ዋናውን ጽሑፍ ሳትከፍቱ የራሳችሁ ሥራ ውስጥ አታስገቡ፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲቀዳ የሚዛባ ነገር አይጠፋም። በራስ የመፍረድን ልምድ ይህ መንገድ አያስተምርም።

5. በቡድን ማንበብ

ጆርናል ክለብ የሚባለው ነው። ሐኪሙ ዊልያም ኦስለር በ1875 ሞንትሪያል በሚገኘው ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ከጀመረው ወዲህ በሕክምና ትምህርት ሥር ሰዷል። ከወር በኋላ የሚቀረውን ካየን ከስድስቱ የሚወዳደረው የለም፤ ለሌላ ሰው ያስረዳችሁትን አትረሱትም፣ ያልገባችሁንም ሰው ፊት ስታስረዱ ወዲያው ታውቁታላችሁ።

ብዙ ቡድኖች ግን የሚፈርሱበት ምክንያት ተመሳሳይ ነው፤ አቅራቢው ብቻ አንብቦ ይመጣል፣ ሌላው ተቀምጦ ያዳምጣል። መፍትሔው ቀላል ነው። ከሦስት እስከ አምስት ሰው ሁኑ፣ ስዕሎቹንም ዕለቱን በዕጣ አከፋፍሉ። ማን ስዕል 3 እንደሚደርሰው የሚያውቅ ስለሌለ ሁሉም አንብቦ ይመጣል። እያንዳንዱ ሰው ሦስት ነገር ይመልስ፦ አግድምና ቁልቁል መስመሩ ምንን ይለካል፣ የቱ ከየቱ ጋር ይነጻጸራል፣ ከዚህ ስዕል ብቻ ምን ማለት ይቻላል። አንድ ሰዓት ይበቃል።

6. በሰው ሠራሽ አስተውሎት ማሳጠር

ፍጥነቱን የሚስተካከለው የለም። አንድን ቃል ለማስረዳት፣ የተጠላለፈ ዓረፍተ ነገር ለመፍታት፣ የማታውቁትን የስታቲስቲክስ ዘዴ በቀላሉ ለማብራራት በጣም ይጠቅማል። ጽሑፉ አፋቸውን ባልፈቱበት ቋንቋ ለሚያነቡ ተማሪዎች ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ብዙዎቻችን የምንሸነፈው ሳይንሱ ሳይሆን ዓረፍተ ነገሩ ከብዶን ነው።

አደጋው ያለው ሙሉ ጽሑፉን አስረክቦ ማጠቃለያውን መቀበል ላይ ነው። ማጠቃለያው መጀመሪያ የሚጥለው ገደቦቹን ነው፤ «ከ15 እስከ 30 ዓመት»፣ «በስድስት ወር ውስጥ» የሚሉት ሐረጎች ይጠፉና «መድኃኒቱ ይሠራል» ብቻ ይቀራል። ቁጥር ሊያቀያይር ይችላል። የሌለ ማጣቀሻም እውነተኛ አስመስሎ ይጽፋል። ይህ ሁሉ በጥሩ ቋንቋ ስለሚቀርብ ዋናውን ያላነበበ ሰው ስህተቱን የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

እኔ የምከተለው ቅደም ተከተል አለኝ። መጀመሪያ አምስት ዓረፍተ ነገር በራሴ እጽፋለሁ፤ ከዚያ የእኔንና ጽሑፉን ሰጥቼ «የሳትኩት ነገር የት ነው? ገጹንና ሠንጠረዡን ጥቀስልኝ» እለዋለሁ። የጠቀሰውን ገጽ ከፍቼ አረጋግጣለሁ። እንዲህ ሲሆን ጥሩ አጥኚ ጓደኛ ይሆናል።

ባጭሩ በሠንጠረዥ

ሰዓቶቹ ለጀማሪ በግምት የተቀመጡ ናቸው።

| መንገድ | ለአንድ ጽሑፍ የሚወስደው ጊዜ | የቀደመ እውቀት | የግድ የሚፈልገው | ከወር በኋላ የሚቀረው | በራስ መፍረድን ማስተማሩ |
|---|---|---|---|---|---|
| በተርታ | 3–4 ሰዓት | ብዙ | ምንም | ትንሽ | ደካማ |
| በሦስት ዙር | ከ10 ደቂቃ እስከ 5 ሰዓት | መካከለኛ | ምንም | እንደ ዙሩ | ሦስተኛው ዙር ላይ ጠንካራ |
| ከስዕልና ሠንጠረዥ | 2–3 ሰዓት | ግራፍ ማንበብ | እርሳስና ወረቀት | ብዙ | በጣም ጠንካራ |
| ሪቪው ማስቀደም | 2–4 ሰዓት | ትንሽ | ጥሩ ሪቪው ማግኘት | መካከለኛ | ደካማ |
| በቡድን | 1 ሰዓት ውይይት፣ ዝግጅቱ ሳይቆጠር | መካከለኛ | 3–5 ሰው | በጣም ብዙ | ጠንካራ |
| በኤአይ ማሳጠር | ደቂቃዎች | ለማረጋገጥ ያስፈልጋል | መሣሪያና ኢንተርኔት | በጣም ትንሽ | ብቻውን ከሆነ የለም |

የትኛው ለማን?

የቱንም ብትመርጡ ሁለት ደቂቃ የሚወስድ ነገር አስቀድሙ፦ ጽሑፉ የተሰረዘ መሆን አለመሆኑን፣ በአቻ ምሁራን ተገምግሞ የወጣ ወይም ገና ያልተገመገመ ፕሪፕሪንት መሆኑን የጆርናሉ ገጽ ላይ እዩ። መገምገሙ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። በግንቦት 2020 ስለ ሃይድሮክሲክሎሮኪን ላንሴት ላይ የወጣው ትልቅ ጥናት መረጃው ሊረጋገጥ ስላልቻለ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ተሰርዟል። ያን ጽሑፍ ቀድሞ አውርዶ ኮምፒውተሩ ላይ ያስቀመጠ ተማሪ ፋይሉ ላይ መሰረዙን የሚነግረው ነገር አይኖርም።

ለነገ አንድ ጽሑፍ ማቅረብ ካለባችሁ፦ ሦስተኛውን መንገድ ያዙ፣ ጊዜ ካጠረ ዋናውን አንድ ስዕል ብቻ በደንብ ሥሩ። አንድ ስዕል በእርግጠኝነት ማስረዳት ስድስቱን ነካክቶ ከማለፍ ይሻላል።

መመረቂያ ጽሑፍ ለምትጀምሩ፦ አንድ ሪቪው፣ ከዚያ ለሁሉም የመጀመሪያውን ዙር። አንድ ሠንጠረዥ ክፈቱና ጥያቄው፣ የናሙናው መጠን፣ ዘዴው፣ ዋናው ቁጥር፣ ገደቡ የሚሉ ዓምዶች ስጡት። በሦስተኛው ዙር የሚነበቡት ግን አምስት ስድስቱ ብቻ ይሁኑ፤ ሥራችሁ በቀጥታ የቆመባቸው እነሱ ናቸው።

የጤና ሳይንስ ተማሪዎች፦ ስዕሎቹን ካያችሁ በኋላ የማረጋገጫ ዝርዝር (ቼክሊስት) ጨምሩበት። በዘፈቀደ ምደባ ለሚሠሩ ሙከራዎች ከ1996 ጀምሮ ያለው የኮንሶርት ዝርዝር የታተመው ሙከራቸውን ሲዘግቡ ምን ማካተት እንዳለባቸው ለጸሐፊዎች ለመንገር ነው፤ ለአንባቢ ግን ምን መፈለግ እንዳለበት ያስተምራል።

ቋንቋው ለሚከብዳችሁ፦ ኤአይን ዓረፍተ ነገር ለመፍታት ተጠቀሙበት፣ ሙሉ ጽሑፍ አትስጡት። የአንድ መስክ ቃላት ይደጋገማሉ፤ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጽሑፎች ስታነቡ የጻፋችሁት የቃላት ዝርዝር አሥረኛው ላይ ስትደርሱ ብዙም አያስፈልጋችሁም።

ገንዘብ ለማታወጡ፦ ጆርናሉ ክፈሉ ሲላችሁ አትቸኩሉ። ፐብሜድ ሴንትራል (PubMed Central) የተባለው ድረ ገጽ ከ2000 ጀምሮ የሕይወትና የሕክምና ሳይንስ ጽሑፎችን በነጻ ያቀርባል፤ አርካይቭ (arXiv) የተባለው ደግሞ ከ1991 ጀምሮ የፊዚክስ፣ በኋላም የሒሳብና የኮምፒውተር ሳይንስ ጽሑፎችን። እዚያም ካጣችሁ ለጸሐፊው በኢሜይል ጠይቁ፤ አድራሻው አብዛኛውን ጊዜ ጽሑፉ ላይ ይገኛል፣ ሥራቸውን ለጠየቃቸው ተማሪ በደስታ የሚልኩም ብዙ ናቸው።

አብሯችሁ የሚያነብ ሰው ከሌለ፦ ቡድን የሚሰጠውን በከፊል ብቻችሁን ማግኘት ይቻላል። ዋናውን ስዕል ሳታዩ ባዶ ወረቀት ላይ ሣሉት፤ መስመሮቹን ሰይሙ፣ ቁጥሮቹን በግምት አስቀምጡ፣ ከሥሩ ምን ማለት እንደሆነ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ከዚያ ጽሑፉን ከፍታችሁ አስተያዩት። ከሳምንት በኋላ ድገሙት፤ ያኔ መሣል ያቃታችሁን ክፍል ብቻ ተመልሳችሁ አንብቡ።